ቀዩ ዓሣና የአክስቴ አፍንጫ

አክስቴ የጾም ቀን ወጥ ሳትቀምስ ጨው የምትመጥን ሴት ነበረች። ጅጅጋ ውስጥ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ስድስት ጠረጴዛ የሚይዝ ምግብ ቤት ነበራት። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም በፍልሰታም፣ ለሚጾመው ሽሮና ምስር፣ ለማይጾመው ሹፌር ጥብስና ቅቅል ትሠራለች፤ እሷ ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጣቷን እንኳ አትልስም። የድስቱን ክዳን ታነሳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ እንፋሎቱን በአፍንጫዋ ትስባለች፣ ከዚያ «ጨው ይቀረዋል» ወይም «ኮረሪማው በዝቷል» ትላለች። እኔ ገና መጾም ያልጀመርኩ ልጅ ስለነበርኩ ከኋላዋ በማንኪያ ጫፍ ቀምሼ አረጋግጣለሁ። ልክ ነች። ሁልጊዜ ልክ ነች። ይህ ያናድደኝ ነበር።

ሹፌሮቹ ይህችን ሴትዮ ኬላ ላይ ቢያስቀምጧት አንድ ካርቶን ኮንትሮባንድ አያልፍም ነበር እያሉ ይስቃሉ። እሷ አብራ አትስቅም። ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ ቋንቋውን በማታውቀው ከተማ ብቻዋን ቀርታ፣ ከሐረር የሚመጣ መኪና ሁሉ ደጇን እንዲጠይቅ ያደረገላት ይኸው አፍንጫ ነው። ቤቱን ያከራዩአት ሐጂ እንኳ ይመሰክሩላት ነበር። ሐጂ የጅጅጋ ሰው ናቸው፤ ከብት ነጋዴ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከቤቷ ከሻይ በቀር ቀምሰው አያውቁም፤ የእሷ ሥጋ ክርስቲያን ያረደው ነው፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ማንም በማንም አይቀየምም። ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሱ «ወላሎ፣ አፍንጫዬ ጠግቧል» ይሏታል። ወላሎ ማለት እህቴ፣ ወንድሜ እንደማለት ነው። እንደዚያ ባሏት ቀን እኔን የሚቆነጥጠኝ እጇ ራሱ ይለሰልስ ነበር።

እኔ ከአፍደም የመጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ሞተ፣ እናቴም አልቆየችም። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ለጎረቤቱ ላስተምራት ነው የምወስዳት ብላ በጭነት መኪና ይዛኝ መጣች። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ «እሷ» የምላት በሆዴ ስጠራት የኖርኩት እንደዚህ ስለሆነ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ። እሱ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እኔ ዩኒፎርሙን አጥባለሁ። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ግማሹ የተቀደደ ስለሚሆን የአብዛኛውን ዜና መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ከእኛ ዘንድ ምሳ የሚበሉ አንድ መምህር የመመዝገቢያ ቅጽ ሞልተውልኝ መጡ። ቅጹን ከብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ከሰል ስታያይዝበት አየኋት። እሷም አይታኛለች። ቀና ብላ «ወጡን ቅጹ ይሠራልኛል?» አለችኝ።

ማታ ትምህርት የገባሁት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሳልጠይቃት፣ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ በጓሮ በር እየወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ደረሰችበት። አልመታችኝም። ምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሹፌር ሞልቶ ሳለ፣ ከነሽርጤ ጠራችኝና አንድ የጋዜጣ ቁራጭ አስያዘችኝ። «እስቲ ለእንግዶቹ አንብቢላቸው፣ ተማሪ ሆነሻል አሉ» አለች። ማንበብ እችል ነበር። ግን ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል፤ ሦስተኛው ቃል ላይ ተያዝኩ። አንድ የቦቴ ሹፌር ዓረፍተ ነገሩን ከሩቅ ጨረሰልኝ። ቤቱ ሳቀ። እሷ ቅልጥም አውጥታ ሰሃኑ ላይ ጣለችለትና «ለአስተማሪው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ወር ሹፌሮቹ እኔን ሲያዩ «ቅልጥም አለ?» ይሉ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ጨረስኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን፣ ከዚያ ዲፕሎማውን። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ። መጽሐፍ በቁጥሩ መደርደር፣ የተገነጠለውን መለጠፍ፣ የዘገየውን ተማሪ ስም መጻፍ፣ ይህ ለእኔ ዕረፍት ነበር። መኖሪያዬን ግን አልቀየርኩም፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው የቀበሌ ቤቷ፣ ጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዱ ቀረሁ። ሰዎች ውለታዋን ቆጥራ ነው ይሉ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በየጠዋቱ ቦርሳዬን ይዤ በፊቷ ማለፍ እፈልግ ነበር።

ልጇ በዚህ መሐል ኖርዌይ ገባ። ዓሣ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ራስ ይቆርጣል። በስልክ ሲያወራ እንደ ሐኪም ነበር የሚያወራው።

አክስቴ በአንድ ጥር ወር ክፉ ጉንፋን ያዛት። ተነሳች፤ አፍንጫዋ ግን አልተነሳም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅኩት በራሴ ነው፤ ያየሁትንም ጻፍኩት። በየካቲት የተበላሸ ወተት አፍልታ ለአንድ ሽማግሌ አቀረበች። በመጋቢት የቁሌት ሽንኩርት አጠገቧ ሲያር ከሰው ጋር ታወራ ነበር። በሚያዝያ የጋዝ ሲሊንደሩ ቀኑን ሙሉ ሲያፈስ ውሎ እኔ ከሥራ ስገባ ዘጋሁት። እሷ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «ምነው ነፋስ አስገባሽብኝ?» አለችኝ፣ መስኮቱን ስከፍት። ክፍሌ ገብቼ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ።

ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ማዶኛው ምግብ ቤት ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ ይሁን ጎረቤት፣ የሆነ ሰው ለልጇ ደወለ። በነሐሴ መጣ። በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ እኔ ባለሁበት፣ የመጣበትን ነገራት። ምግብ ቤቱ ይዘጋ፣ ቁልፉ ለሐጂ ይመለስ፣ እሷም ጓሮ ገብታ ትረፍ። «ደክሞሻል እማዬ፤ ሰው እየሸሸሽ ነው» አላት። ድምፁ ክፉ አልነበረም።

እሷ የዓሣውን ነገር አነሳች። ሻንጣው ውስጥ በፎጣና በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው በረዶ የሆነ ትልቅ ቀይ ዓሣ ነበር፤ ሳልመን ይለዋል። መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር ካለው የለስላሳ ሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ በአደራ ተቀምጧል። ራሱን መቁረጥ እንጂ መሥራት እንደማይችል ገና የመጣ ዕለት እየሳቀ ነግሮን ነበር። «ያንን ዓሣህን አምጣው» አለችው። «እኔ አይቼው አላውቅም፣ አንተም አትችለውም። የፈለግከውን ሰው ጥራ። እንደሚሆነው አድርጌ ካላቀረብኩት ቁልፉን ራሴ እሰጥሃለሁ። ካቀረብኩት ግን አንተም ወደ በረዶህ ተመለስ፣ እኔም ወደ ድስቴ።»

ልጇ ሳቀና ተስማማ። የሚጠራውም ሰው ወዲያው ታወቀ፤ ሐጂ። ዓሣ አራጅ አይፈልግም፤ የክርስቲያንም ቢላ አይነካው፣ የሙስሊምም። በሃያ ዓመት ውስጥ ሐጂ ከእሷ እጅ ሊበሉ የሚችሉት የመጀመሪያው ምግብ ያ ዓሣ ነበር። ቁልፉን የሚቀበሉትም እሳቸው ስለሆኑ፣ ፍርዱም የእሳቸው ይሁን ተባለ። ቀኑ ቅዳሜ ተቆረጠ። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ስለዚህ እሷ አትቀምስም።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ክፍሌን አንኳኳች። በዚያ ክፍል በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ገብታ አታውቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መጻሕፍቱን አየች። «ከዚህ ሁሉ ጋር እንዴት ነው የምትተኚው?» አለች። ከዚያ እጆቿን እያየች የመጣችበትን ተናገረች። አፍንጫዋ ሞቷል። ጉንፋኑ ነው። ይመለሳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተመለሰም። ሌላውን ወጥ በዓይኗ፣ በልምዷ፣ በማማሰያው ክብደት ታደርሰዋለች፤ ይህ ዓሣ ግን ልጇ እንደነገራት ጥሬውም ቀይ፣ ብስሉም ቀይ፣ የሚቀባውም ቀይ፣ ምኑን ዓይታ ታውጣው? ልጇ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። እኔ አጠገቧ እንድቆም ትፈልጋለች። ሽታው ልክ ሲደርስ «ሰሃን ላምጣ እትዬ?» እንድላት። ሌላ ምንም። ሦስት ቃል።

«እንዲህ ለምኜሽ አላውቅም» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት። ከዚያ እሺ አልኳት።

ዓርብን በዓሣው አሳለፍኩ። ልጇ ከስልኩ ላይ ያሳየኝን የእንግሊዝኛ አሠራር በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ ጽሕፈት። የብርቱካን ጭማቂ፣ ሎሚ፣ ማር፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ ተፈቅፍቆ፣ እስኪወፍር ይፈላል። ዓሣው ቆዳው ወደ ታች ተደርጎ ይተኛል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ከቅቡ ግማሹ ይቀባል፣ ኦቭን ይገባል። ሊበስል ሲል ወጥቶ ሁለተኛው ግማሽ ይቀባና እሳቱ ከፍ ይላል። ከዚህ በኋላ ከአራት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ማሩ ያርራልና። «አራት» የሚለውን በፊደልም በአኃዝም ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። አፍንጫ ለሌለው ሰው ሰዓት ይበቃዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት። በዚያች ዓርብ በእውነት ልረዳት አስቤ እንደነበር መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት የቅዳሜው ነገር ልኩን አይይዝም።

ኦቭኑ ከዓመታት በፊት ልጇ ያስገዛላት፣ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ የመጣ ያገለገለ የጋዝ ኦቭን ነው። መስታወቱ ጠቁሮ በውስጡ ያለው አይታይም። እሷ እስከዚያ ቀን የድስት ማስቀመጫ ነበር ያደረገችው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድስቶቹን አውጥተን ጠረግነው። ከደጅ ዝናብ ሊመጣ ነፋስ ይነፍሳል፣ መብራት የለም፣ ወጥ ቤቱ ድንግዝግዝ ብሏል። ልጇ እንዳለችው በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ዓሣው ከላስቲኩ ሲወጣ ሁለታችንም አየነው፤ የበሰለ ዱባ ሥጋ የመሰለ፣ ነጭ መስመር መስመር ያለው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ምንም አላለውም፣ ንጹሕ ነው» አለች። ልክ ነበረች፤ ንጹሕ ነበር። ግን የምታደርገው ለበሩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ማንበብ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ያሰብኩት «አንብቢልኝ» እንድትለኝ ነበር። አገላብጣ አየችው። ልጇን አየችው። «ዓሣው ማንበብ ይችላል?» አለችኝ፤ ልጇ ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሎሚ ፍሬና የብርቱካን ልጣጭ አራገፈችበት፣ ጠቅልላም ቆሻሻው ባልዲ ውስጥ ወረወረችው።

ለልጇ ስትል እንደሆነ ገብቶኛል። የወረቀት እርዳታ የሚያስፈልጋት መስላ መታየት አልፈለገችም። በኋላ ያደረግኩትንም ይህ ገብቶኝ ሳለ ነው ያደረግኩት።

ቅቡን ሳይቀምሱ ሲሠሩት ማየት ደስ የሚል ነገር ነበር፣ ይህን አልክድም። ብርቱካኑን በእጇ እየጨመቀች ክብደቱን ታውቃለች። ማሩ ከማንኪያው ሲወርድ የክሩን ርዝመት ታያለች። ሲፈላ የአረፋውን ድምፅ ታዳምጣለች፤ አረፋው ሲከብድ አወረደችው፤ በትክክል መውረድ ባለበት ጊዜ። ግማሹን ቀባች፣ ዓሣውን አስገባች። ስትጠብቅ እጇን በኦቭኑ ላይ እያንዣበበች ሙቀቱን ትለካ ነበር። አውጥታ በሹካ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ሥጋው ገር ብሎ ተከፈለ። ሁለተኛውን ግማሽ ቀባችና እሳቱን ከፍ አድርጋ መለሰችው። እስከዚህ ድረስ ያለእኔ ደረሰች። ሐጂ ወደ ሳሎን ሲገቡ ሰማናቸው፤ ለልጇ በሶማልኛ ሰላምታ እየሰጡ፣ «አባቴ ዓሣ ልበላ መሆኔን ቢሰማ ግመሎቹን ሁሉ ለወንድሜ ይሰጥብኝ ነበር» እያሉ። ልጇ ለአፍታ ሄዶ አስቀመጣቸውና ወደ በሩ ተመለሰ።

ሰዓቴን አየሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ የመጣው ብርቱካን ብቻ ነው። በሁለተኛው ማሩ ተከተለ፤ ቤቱ የበዓል ቤት መሰለ። በአራተኛው ሁለቱ አንድ ሆኑ፤ ስም ያልወጣለት ጥሩ ሽታ ሆነ። ወረቀቱ ያለው ይህን ነው። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን አይደለም ያየችው፤ አፌን ነው። አፌን ገጠምኩ። በአምስተኛው ደቂቃ ሽታው የተቃጠለ ከረሜላ ሆነ። በስድስተኛው የልጣጩ ምሬት መጣ፤ ጉሮሮ ይከረክራል። አሁንም አፌን ታያለች። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ልትለምነኝ ይሆን ልትሰድበኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሰባተኛው ደቂቃ ልጇ አፍንጫውን ቋጠረ።

«እማዬ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

«ማሩ ነው» አለችው፣ ረጋ ብላ። «ማር ሲበስል እንደዚህ ነው የሚሸተው።»

ከኦቭኑ በላይ በኩል ጭስ ሲወጣ ነው ያወጣችው። ላዩ ከሰል ነበር።

እንዳለ አቀረበችው። ሌላ ምን ታደርጋለች? ሐጂ ቢስሚላ ብለው በቢላ ጫፍ ጥቁሩን ጠረጉ፣ ከሥሩ ቆርሰው ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። ሁላችንም አፋቸውን አየን። «ወላሂ፣ ከላይ የግመል ቆዳ ነው» አሉ። «ከውስጥ ግን ቅቤ ነው።» ደግመው ቆረሱ። የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ ውስጡ ደህና ነበር። ልጇም ቀመሰ፤ ትከሻው ረገበ፤ «ትንሽ ነው ያረረው» አለ። አክስቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ጉዳዩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ቁልፉ እሷ ዘንድ ሊቀር ነበር፤ ሐጂ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ሲቀልላት ጊዜ ቀልድ አማራት። ወደ ሐጂ ዘንበል ብላ፣ እኔን በአገጯ እያሳየች፣ «ይህች ናት ያሳረረችብኝ። ወረቀት ይዛ መጥታ አዘናጋችኝ። ለማንበብ ትንተባተብ የነበረችዋን ያስታውሳሉ? ቅልጥም ያስበላችንን?» አለች። ሐጂ በጨዋነት ፈገግ አሉ። ልጇ ሳቀ።

ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። የሻይ ስኒ አነሳሁ፣ ጥጥ አስገባሁበት፣ ከፋኖሱ ላምባ አፈሰስኩበት፣ በንጹሕ ጨርቅ አፉን ሸፈንኩት። ሳሎን ተመልሼ እሷ ፊት አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ይህ ምን እንደሆነ ይንገሩን» አልኳት። ድምፄ አልጠፋም። እኔ ራሴ ገረመኝ።

ልጇ ምን መሆኔን ጠየቀኝ። ሐጂ ከስኒው ሁለት ክንድ ርቀው ተቀምጠው ሳለ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ላምባ እንደሆነ በቤቱ ያለ ሁሉ አውቋል። እሷ ስኒውን አየች። እኔን አየች። እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ እምቢ ካለች ግን ያው ነው። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ በድስት ላይ ስታደርገው የኖረችውን አደረገች። ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ከደነች፣ በረጅሙ ሳበች። ጊዜ ወስዳ መረጠች።

«ኮረሪማ ነው» አለች።

ዓይኗን ስትገልጥ ከፊታችን አነበበችው፤ ለዚያ ፊደል አያስፈልግም። እኔ ግን አላቆምኩም። ጥቁሩን ዓሣ መሐል አድርገን፣ ወተቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ሲሊንደሩን ከነቀኑ ከነሰዓቱ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ አንድም ቃል አልተደናቀፍኩም። ሲሊንደሩ ላይ ስደርስ ልጇ ራሱን ያዘ። ቤቱ ሊነድ ይችል ነበር አለ። ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም አለ። የሰው ነፍስ አሳስቦኝ ቢሆን ኖሮ በሚያዝያ በደወልኩለት ነበር።

ሐጂ እጃቸውን ታጠቡና ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ይህን ለማየት አልመጣሁም» አሉኝ። ለአክስቴ «ወላሎ» ብቻ አሏት፣ ሌላ አልጨመሩም። አፍንጫዬ ጠግቧል አላሉም።

ቁልፉን ራሷ ለልጇ ሰጠችው፤ በቃሏ መሠረት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከመቀነቷ ፈትታ። ልጇ ለሐጂ አድርሶ በሳምንቱ ሄደ። ምግብ ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆነ። ጠረጴዛዎቹን ማዶኛው ቤት ወሰዳቸው፤ ከጓሮ ሆና ሲጫኑ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት አልገባችም። እኔ የማበስለውን፣ እኔ በማቀርብላት ሰዓት፣ ከእኔ ክፍል ጋር በግድግዳ በሚዋሰነው ክፍሏ ተቀምጣ ትበላለች። ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ስድብ እየጠበቅኩ ከረምኩ፤ አልመጣም።

የመጣው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ወር አካባቢ ሰሃኑን ሳስቀምጥላት ወደ ላይ ሳታየኝ «ምን ምን ይሸታል?» አለችኝ። ድምፅዋ ውኃ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ በመጽሐፍ መካከል የምውል ሰው ነኝ። ያን ቀን የሸተተኝን ሁሉ፣ የቁሌቱን፣ የቅቤውን፣ ከደጅ የገባውን የዝናብ አፈር እንኳ፣ ቃል በቃል ልነግራት እችል ነበር።

«ወጥ ወጥ ይሸታል» አልኳት።

በማግስቱም ጠየቀችኝ፤ በማግስቱም ያንኑ አልኳት። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ መጠየቅ ተወች፤ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም።

አንድ እሑድ ክፍሌ ሆኜ ሳነብ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ወተት የምታመላልስልን ሶማሌ ሴት ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ከቁጥርና ከሰላምታ ብዙ አያልፍም። ከአክስቴ ጋር ተቀምጣ፣ እኔ ያቀረብኩትን ሰሃን አንስታ እያሸተተች ትነግራታለች። «ይሄ ሽንኩርት፣ ቀይ። ይሄ ቅቤ፣ ትንሽ አሮጌ። ይሄ በርበሬ፣ አፍንጫ ይመታል።» አክስቴ ትስቃለች። እኔ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ነው። «ደግሞ?» ትላታለች። «ደግሞ ጭስ። ጭስ ከእኔ ነው፣ ከወተት ዕቃ።» አሁንም ሳቁ። መጽሐፉን ዘግቼ አዳመጥኩ።

«ጥቁር አዝሙዱስ?» አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ እንደገና ስታሸት ይሰማኛል።

«እሱ የለም» አለቻት።

እውነቷን ነው። ለማይሸታት ሰው ምን ያደርግላታል ብዬ መጨመር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።